ጣቱን የቀሰረው ሰው

ፒየርፋል፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1946

ውድ እህቴ ዜሊ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ስለ ዓይኔ ጠይቀሽኝ ነበር። መነጽሬ ተቀይሮልኛል፤ የአሻንጉሊቶቹን ከንፈር ስቀባ እንደ በፊቱ አፍንጫዬን ቀለም አላስነካም። ምድጃውም ይሠራል። ጎኑ የተሰነጠቀውን ራሴ በጭቃ መርጌዋለሁ።

ስለ ፍርድ ቤቱ ለምን ዝም አልሽ ላልሽው፣ የምነግርሽ ስላጣሁ ነው። ባለፈው ወር ዳኛው አስጠርቶኝ፣ «እመቤት፣ ልጅዎን ማን እንደጠቆመ ማስረጃ አልተገኘም፤ መዝገቡ ተዘግቷል» አለኝ። ይቀመጡ እንኳ አላለኝም። ኤልዜያርን ከላይኛው የኖራ መተኮሻ ጎትተው ካወጡት ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ጀርመን አገር ሄጄ ፋብሪካ አልሠራም ብሎ የተደበቀ ልጅ፣ እዚያው ጀርመን ወስደው ገደሉት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አሁን ደግሞ ማንም አልጠቆመውም እያሉኝ ነው። ወታደሮቹ እንግዲህ ሽታ መርቷቸው መጡ።

ወደ ሥራችን ልመለስ። አባ ኦዲቤር ለቤተ ክርስቲያኑ የገና ግርግም፣ የመንደሩን ሰው ሁሉ በሕፃኑ ዙሪያ ለምናቆምበት፣ አዲስ አሻንጉሊቶች እንድሠራ ጠይቀውኛል። የድሮዎቹ ጣሪያው የተደረመሰ ጊዜ ተፈጭተው አልቀዋል። ሁለት ስንዝር ቁመት ያላቸው አሥራ ስምንት ያስፈልጋሉ። ጭንቅላቱን፣ እጅና እግሩን በሸክላ ሠርቼ፣ ገላውን በሽቦና በጨርቅ አስሬ ልኬልሻለሁ። ልብሱ ያንቺ ነው። እንደ ሁልጊዜው የዛሬ መቶ ዓመት አለባበስ ይሁን፤ የዓሣ ሻጯ ጉርድ ድርብ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ቆብ ረጅም፣ የአሮጊቷ የትከሻ ሻል አበባ ያለበት። ቢላ ሳዩ ሽርጥ ላይ ቁራጭ ቆዳ ስፊበት።

አሥራ ዘጠነኛውም አለ። እሱን ገና አልተኮስኩትም። ስጨርስ እልካለሁ።

ለገና ትመጫለሽ አይደል?

እህትሽ ኖሪን


ሊዮን፣ ኦክቶበር 27

ውድ እትዬ ኖሪን፣

በመዘግየቴ ይቅርታሽን። ጥቅሉ አንድም ሳይሰበር ደርሶኛል። አሮጊቷን ሳወጣት ብቻዬን ሳቅኩ፤ አገጯ ቁርጥ የአባታችንን እናት ነው። ልብስ ሰፊ ቤት አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ሁሉ እየተቀባበሉ አዩዋት። አንዷ፣ «ይህቺ ሴትዮ አሁን ልትቆጣኝ ነው» አለች።

ለዓሣ ሻጯ አሮጌ የሐር ጨርቅ አግኝቻለሁ፣ የደበዘዘ ቀይ ነው። አዲስ ጨርቅ ለእነዚህ አይሆንም፤ በትንሽ ገላ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ አይወርድም። ለወፍጮ ቤቱ ሰው ደግሞ ልብሱ ስፌት ላይ ዱቄት የገባበት እንዲመስል ነጭ ክር ጣል ጣል አደርግበታለሁ።

ስለ ገና፣ እንዳትቀየሚኝ፣ አልመጣም። እዚህ ሥራው የሚበዛው ያኔ ነው። አውቃለሁ፣ ባለፈውም ዓመት እንዲሁ ብያለሁ። ያኔ ፒየርፋልን ለምን ጠላሽው ብለሽ የጻፍሽው ቆርጦኛል። አልጠላሁትም። ከዚህ በላይ እንድጽፍ አታስገድጂኝ።

ዳኛው ሌላ ምን አለ? የማንንም ስም አላነሳም? መዝገቡ ከተዘጋ፣ እትዬ፣ ምናልባት አንቺም እንዲዘጋ ብትተዪው ይሻልሽ ይሆናል። ለጤናሽ ብዬ ነው።

አሥራ ዘጠነኛው ማነው?

ታናሽሽ ዜሊ


ፒየርፋል፣ ኖቬምበር 9

ዜሊ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩ። «ብትተዪው ይሻልሻል» ያልሽውን ሁለቴ አነበብኩት። እናቱ ብትሆኚ አትጽፊውም ነበር። ይለፍ።

አሥራ ዘጠነኛው በዚህ ጥቅል ውስጥ ነው። ስትፈቺው ቀኝ እጁን ተጠንቀቂ፣ ጣቱን ቀስሯልና በቀላሉ ይሰበራል። ሕፃኑን ሊገድሉ ለመጡት ለሄሮድስ ወታደሮች «በዚህ ነው» ብሎ መንገድ የሚያሳያቸው ሰው ነው። አባ ኦዲቤር ሐሳቡን ስነግራቸው፣ «መጽሐፉ ላይ እንዲህ ያለ ሰው የለም» አሉ። «ወታደሮቹ ቤተልሔምን በማሽተት አገኟት?» አልኳቸው። 

ፊቱን ታውቂዋለሽ። አፍንጫው ወደ ግራ የታጠፈ፣ ቀኝ ጆሮው ግማሹ የሌለ። መንገድ ጠጋኙ ሲፍሬን ነው። ጀርመኖቹ የመጡ ዕለት ጠዋት ከኖራ መተኮሻው መንገድ ሲወርድ ወተት የምታመላልሰው ሴት አይታዋለች፣ እስከ ደረቱ ጭቃ ሆኖ። ዳኛው ሲጠይቀው፣ «ሥራዬ መንገድ ነው፣ መንገድ ላይ ነበርኩ» ብሎ ሸኘው። የዚያን ቀን ግን መንገድ እንዲጠግን የላከው የለም። ልጄን ካጣሁ ወዲህ አንድ ቀን መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎኝ አያውቅም። መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ሌላው ዳር ይሻገራል። ንጹሕ ሰው ለምን ይሻገራል?

የመንገድ ሠራተኛ ልብስ ስፊለት፤ ያው የዛሬ መቶ ዓመቱን፣ አጭር ኮት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ገምባሌ። ጨርቁ ቡናማ ይሁን። በደንብ ስፊው። ቆንጆ ሆኖ እንዲያፍር ነው የምፈልገው።

ኖሪን


ሊዮን፣ ኖቬምበር 20

እትዬ ኖሪን፣

የአሥራ ስምንቱ ልብስ ተጠናቆ ዛሬ በባቡር ተልኳል። የቢላ ሳዩ ሰደርያ ጠበብ ብሎታል፤ ከኋላ ትንሽ ፈትቼ በስፒል ይዤዋለሁ፣ ልኩን አይተሽ ዝጊው። የዓሣ ሻጯን ቅርጫት ባዶውን ተዪው፣ ዓሣውን አንቺ ከሸክላ ብትሠሪው ያምራል።

አሥራ ዘጠነኛውን ሳልሰፋለት መልሼዋለሁ። በጥጥ ጠቅልዬዋለሁ፣ ጣቱ አልተሰበረም።

አትቆጪ፣ መጀመሪያ ስሚኝ። እርግጠኛ ነሽ? አንዲት ወተት ሻጭ አየሁት ስላለች? ጭቃ ስለነካው? እትዬ፣ ሰው ስንት ምክንያት አለው ከመንገድ ለመሻገር። የሐዘንተኛ ዓይን ማየት የሚፈራም አለ። እኔ ራሴ አለሁ። አፍንጫውን አቅኚው፣ ጆሮውን ሙዪለት፣ የማንም ያልሆነ ፊት አድርጊው፤ ያን ጊዜ የፈለግሽውን ልብስ በሳምንት ሰፍቼ እልክልሻለሁ። እንደዚህ እንዳለ ግን እጄ አይነካውም።

እለምንሻለሁ። ሴት ልጅ አለችው። ፊሎሜን ስምንት ዓመት ሆናት መሰለኝ።

ዜሊ


ፒየርፋል፣ ዲሴምበር 2

ዜሊ፣

ራሴ ሰፋሁለት። ካንቺ አይደርስም፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ይሳባል፣ ግን ለብሷል።

ትናንት እሑድ ግርግሙ ተከፈተ። ሰው ሁሉ ያንቺን ልብሶች እየነካካ ተደነቀ። ዳቦ ጋጋሪው ሚስቱን፣ «አንቺን እንዲህ የሚያለብስሽ ባገኝ!» አላትና በክርኗ ጎሸመችው። ከዚያ እየተጠጉ ሲመጡ ከሄሮድስ ወታደሮች አጠገብ የቆመውን አዩት።  በዚህ መሐል ሲፍሬን ልጁን ይዞ ገባ። ሕዝቡ ገለል ብሎ መንገድ ሰጠው፤ እሱም ምን እንደሆነ ሳይገባው እስከ ፊት መጣ።

ያየችው ፊሎሜን ናት። «አባዬ! ይኼ እኮ አንተን ይመስላል! ጆሮውን እየው!» ብላ ሳቀች። ማንም አብሯት አልሳቀም። ሕፃኗ ዞር ዞር ብላ ሰዉን አየችና እጆቿን ወደ ኪሷ ከተተች።

ሲፍሬን ብዙ ቆሞ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ኖሪን፣ ይኼን ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«ሸክላው ነው ያለው» አልኩት።

«እንግዲያው ሸክላው ተሳስቷል» አለና የልጁን እጅ ይዞ ወጣ።

አባ ኦዲቤር ሊያነሱት እጃቸውን ሲዘረጉ ከኋላ አንዱ፣ «ይቀመጥ!» ብሎ ጮኸ። ሌላውም ተቀበለው። እሳቸውም እጃቸውን ሰበሰቡ።

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ለሲፍሬን ዳቦ አልቋል አለው። መደርደሪያው ሙሉ ነበር፤ እኔ እዚያው ቆሜ ነበርኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም፣ ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ግን አልጸጸተኝም።

አሁን አንቺ መልሺልኝ። ስለ ሲፍሬን ምን አስጨነቀሽ? ከእሱ ጋር ምን አላችሁ?

ኖሪን


ፒየርፋል፣ ዲሴምበር 10

ዜሊ፣

መልስሽን ሳልጠብቅ እጽፋለሁ። ባለፈው ሐሙስ የሲፍሬን መስኮት በድንጋይ ተሰበረ። ትናንት ጎህ ሲቀድ ደግሞ በረቱ ተቃጠለ። በቅሎዋን ሊያወጣ ገብቶ ሁለት እጁ ተልጧል። በቅሎዋም አልተረፈች። ውኃ ይዞ የሄደለት የለም፤ እኔም ደጄ ላይ ቆሜ ጭሱን አየሁ። ትምህርት ቤት ልጆቹ ፊሎሜንን ባዩ ቁጥር ጣታቸውን ይቀስሩባታል። ቃል እንኳ አይናገሩም፣ ይቀስራሉ ብቻ።

እኔ እሳት ለኩሱ አላልኩም። ይኼን ታውቂያለሽ አይደል?

በየደብዳቤሽ «እርግጠኛ ነሽ?» ትይኛለሽ። እንደ ጠያቂ አይደለም የምትይው። አሥራ ስምንት ስትሰፊ ያልደከመሽ ሰው አንዱን ልብስ እምቢ አልሽ። የምታውቂው ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ። በሚቀጥለው የሚቃጠለው ቤቱ ነው፣ ይኼ እንደሚሆን ከሰዉ ፊት ይነበባል።

ኖሪን


ቴሌግራም፤ ሊዮን፣ ዲሴምበር 13

አሻንጉሊቱን ዛሬውኑ አውርጂ። እሱ አይደለም። ደብዳቤ ይከተላል። ዜሊ።


ሊዮን፣ ዲሴምበር 13

እትዬ፣

ሰላምታ ልጽፍልሽ አልቻልኩም። ሦስቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በአንድ ትንፋሽ ልናገረው።

ያን ጊዜ ለከተማዋ ሴቶች ልብስ እየሰፋሁ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ከደንበኞቼ አንዷ ለጀርመኖቹ ያደረው የሚሊሻው አዛዥ ሚስት ነበረች። ሁላችንም እንጠላቸው ነበር፣ ግን ልብስ ይሰፋል፣ ምን ታደርጊያለሽ። በፌብሩዋሪ ወር አንድ ሰኞ ቀን ቀሚሷን ልለካላት ሄድኩ። ዘግይቼ ነበር። ተቆጣች፤ ሚዜ ልትሆን ነውና ቀሚሱ ለቅዳሜ ይደርሳል ብዬ ምዬላት ነበር። ተንበርክኬ ጫፉን በስፒል እየያዝኩ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ለእህቴ ልጅ ወፍራም ሰደርያ ስሰፋ ቆይቼ ነው እመቤቴ፣ የኖራ መተኮሻ ውስጥ እሳት ከጠፋ ወዲህ ብርዱ አጥንት ይሰብራል» አልኳት።

እንዲሁ ነው የወጣው። ማንም አልጠየቀኝም። ማንም አላስፈራራኝም። ቁጣዋን ለማብረድ ብዬ እንደ ተራ ወሬ አወራሁት። አፌን ሳልዘጋ ቀና ስል በመስተዋቱ ውስጥ እያየችኝ ነበር። ፈገግ ብላ፣ «ምስኪን ልጅ» አለች። ከዚያ ስለ እጅጌው ዳንቴል አወራን።

የመጡት ረቡዕ ነው። ሁለት ቀን ነበረኝ፣ እትዬ። ሁለት ቀን ሙሉ፣ አልሰማችም፣ ብትሰማም አልገባትም፣ ቢገባትም ሴት ናት፣ አትናገርም እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ብናገር እንዴት እንደምታዪኝ ነበር የፈራሁት። ቁጣሽን ፈራሁ። በዚህ ነው ልጅሽ የሞተው።

አንቺ ዘንድ መጥቼ አብሬሽ አለቀስኩ። ሰዎች፣ «አክስቱ ናት እኮ፣ እዩዋት እንዴት እንደምትሆን» አሉ። ከዚያ በኋላ እዚያ መኖር አልቻልኩም። ሲፍሬንን ዝም ብዬ ባስቃጥለው ኖሮ ሁለተኛዬ ነበር።

ለሰዉ ንገሪያቸው። ስሜን ጥሪ። እኔ ራሴ መጥቼ እንድናገር ብትፈልጊም በማግስቱ ባቡር እሳፈራለሁ።

ዜሊ


ፒየርፋል፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1947

ዜሊ፣

ቴሌግራሙ ሲደርሰኝ አብደሻል ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ደብዳቤሽ የመጣው ሐሙስ፣ ገና ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። ቆሜ አነበብኩት። አላለቀስኩም። ማድረግ ያለብኝን በዚያች ደቂቃ አውቄዋለሁ፤ ግን ዓርብም ቅዳሜም ከቤት አልወጣሁም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ። እኔም ሁለት ቀን ዝም አልኩ ማለት ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት ቤቱ ቢቃጠል ኖሮ እንጃ።

እሑድ ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ተነስቼ ወደ ግርግሙ ሄድኩና አሻንጉሊቱን አነሳሁት።

«ሲፍሬን አይደለም» አልኩ። «ተሳስቼ ሳይሆን ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ ነው የሠራሁት።»

ዳቦ ጋጋሪው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ታዲያ ማነው?»

«ወሬው የወጣው ከእኛ ቤት ነው።»

«ከእናንተ ማን?»

«ከእኛ ቤት አልኩህ። እዚያ ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ። ድንጋይም እሳትም ያላችሁ ደጄን ታውቁታላችሁ።»

 ስምሽን አልጠራሁም። ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው።

ከዚያ አሻንጉሊቱን ይዤ ሲፍሬን ቤት ሄድኩ። እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለው ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። አሻንጉሊቱን ዓይኑ እያየ ሰበርኩት። ስብርባሪውን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። «ያን ዕለት ለምን እዚያ እንደነበርኩ አትጠይቂኝም?» አለኝ። ጠየቅሁት። የጀርመኖቹን መኪናዎች ከታች አይቷቸው ኤልዜያርን ሊያስመልጥ በአቋራጭ ሮጦ ነበር። ቀደሙት። ቦይ ውስጥ ጭቃው ላይ ተኝቶ ቀረ። ልጄ ሲጮህ ሰማው።

«ምን ብዬ ለቅሶ ልድረስሽ?» አለኝ። «ተኝቼ ሰማሁት ልበልሽ?»

ይቅር በለኝ አልኩት። «እኔን ተዪኝ» አለ፤ «ትምህርት ቤት ሄደሽ ለልጆቹ ንገሪያቸው።» ሄድኩ። ሃያ ሦስት ሕፃናት ፊት ቆሜ፣ ውሸት ሠርቻለሁ፣ የፊሎሜን አባት ልጄን ሊያድን የሮጠ ብቸኛ ሰው ነው አልኳቸው።  ሲፍሬን አሁንም ሰላም አይለኝም። ግን መንገድ መሻገሩን ትቷል።

ዳቦ ቤቱ ለእኔም ዳቦ አልቋል ይለኛል። ይሁን።

ይቅር ብዬሻለሁ እንድልሽ አትጠብቂ። ረገምኩሽም አልልም። ለፋሲካ አትምጪ፤ ፊትሽን ሳይ ምን እንደምሆን አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ንገሪኝ። ሰኞ ተናገርሽ፣ ረቡዕ ወሰዱት። በመሐል ማክሰኞ አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ ዳቦ የምትወስጂለት አንቺ ነበርሽ። የዚያን ቀን ሄደሽ ነበር?

ኖሪን


ሊዮን፣ ጃንዋሪ 14

እትዬ፣

ሄጄ ነበር።

ልነግረው ነው የወጣሁት። ዳገቱን እየወጣሁ ቃላቱን አዘጋጀሁ። «ዛሬውኑ ከዚህ ተነስ፣ ለምን ብለህ አትጠይቀኝ» ልለው። ከመተኮሻው አፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘሁት። ጢሙ አድጎ ነበር። «አክስቴ፣ እማ ይኼን ፊት ብታየው ለሄሮድስ አሻንጉሊት ትመርጠኝ ነበር» ብሎ ሳቀ። ዳቦውን በቁሙ በላው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና መቀሴን ከቦርሳዬ አውጥቶ ሰጠኝ። ፀጉሬን ቁረጪልኝ፣ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነው አለኝ።

ቆረጥኩለት። በየመቀሱ፣ አሁን ልናገር፣ ይቺን ጨርሼ ልናገር እላለሁ። እሱ እያወራ ነው። የተጠበሰ ሽንብራ አማረኝ አለ፣ ትኩሱን፣ ጨው ነስንሰሽበት። ምድጃሽ አሁንም ያጨስብሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጆሮው አጠገብ ስደርስ መቀሱ ነካው፣ ደም ጠብ አለ። «እጅሽ ለምን ይንቀጠቀጣል?» አለኝ።

«በርዶኛል» አልኩት።

ተነሳና ሁለት እጆቼን በመዳፉ መሐል አድርጎ እፍ እፍ አለባቸው። እስኪሞቁ ድረስ አልለቀቀኝም። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልናገር፣ እትዬ? እንዴት? «የሚቀጥለው ማክሰኞ እመጣለሁ» አልኩት። «በይ፣ ሽንብራውን እንዳትረሺ» አለኝ።

ፀጉሩን በሽርጤ ሰብስቤ ነበር የወረድኩት። ዛፎቹ የሚያልቁበት ስደርስ ሰው ያየኛል፣ ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁና ሽርጤን ገደሉ ላይ አራገፍኩት። ንፋስ ነበር። ቆሜ ሲበተን አየሁት፤ አንዲት ዘለላ እንኳ አላስቀረሁልሽም።

ዜሊ